ልጅቱ የጻፈችው የልጅቱ ይሁን

ለነፃ ትምህርት ዕድል የድርሰት ውድድር ለሚዘጋጁ ልጃገረዶችና ለወላጆቻቸው

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኑ ልጃገረዶች ድርሰት ጽፈው የነፃ ትምህርት ዕድል ለማግኘት እንዲወዳደሩ የሚጋብዙ ማስታወቂያዎች በየጊዜው ይወጣሉ። በሰሚት፣ ከፍየል ቤት እስከ ኮንዶሚኒየሙ መንደር ድረስ፣ ወሬው ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲገባ መላው ቤተሰብ ይነሣሣል። አባት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ያፈላልጋል፤ እናት ስለት ትሳላለች፤ ታላቅ ወንድም ከስልኩ ላይ የተዘጋጀ ድርሰት ይዞ ይመጣል። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት ስለ ፍቅር መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መረባረብ መካከል ልጅቱ ራስዋ ልትረሳ ትችላለች። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን አንድ ነገር አጥብቀን ልናሳስብ እንወዳለን፤ ይኸውም ቤተሰብ ለልጁ ጊዜ፣ ሰነድና ጸጥታ ይስጣት፤ ቃሉን ግን ለእርስዋ ይተውላት የሚል ነው።

1. ጉዳዩ ስለ ምን ያሳስበናል?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር ምን ያህል እንደ ጠበበ ያን ጊዜ ብዙ ወላጆች ተረዱ። የግል ኮሌጅ ክፍያ ለማይችል ቤተሰብ የነፃ ትምህርት ዕድል ትልቅ እፎይታ ነው። በአንድ ቤት ወንድና ሴት ልጆች ኖረው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የበቃ እንደ ሆነ፣ ተራው አብዛኛውን ጊዜ ለማን ሲደርስ እንደ ኖረ ከልማዳችን እናውቀዋለን። ለልጃገረዶች ተለይቶ የሚዘጋጅ ውድድር ጥቅሙ በዚህ ይታወቃል።

የሴት ልጅ ትምህርትና ድርሰት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የከፈቱት በ1923 ዓ.ም. ነበር፤ በኋላ የካቲት 12 የተባለው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ከነፃነት በኋላ ይህን ትምህርት ቤት ከመሩት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ተይዘው በኢጣልያ ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት የተጋዙ ሴት ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በመድረክ የሚያሳዩአቸውን ተውኔቶች ጽፈዋል፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘውን ሥራቸውን በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። የመጽሐፋቸው ርእስ ብቻውን ለዛሬዋ ተማሪ ምክር ይሆናታል፤ ከልብ የወጣ ጽሑፍ ባለቤቱ ይታወቃልና።

2. መልካም ድርሰት የሚባለው የትኛው ነው?

የውድድር ድርሰት አጭር ነው። ለምሳሌ በጃፓን የሚገኘው የጎይ የሰላም ፋውንዴሽን ለወጣቶች ሲያካሂደው በኖረው ዓለም አቀፍ የድርሰት ውድድር የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከ700 ቃላት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በ700 ቃላት የሕይወትን ታሪክ በሙሉ መተረክ አይቻልም። አንድ ነገር መርጦ እርሱን በሚገባ ማስረዳት ግን ይቻላል።

ብዙ ተማሪዎች «ትምህርት የዕድገት ቁልፍ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ማንም ሊጽፈው ስለሚችል ስለ ጸሐፊዋ ምንም አይነግረንም። በአንጻሩ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ተማሪ እናስብ። ውኃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ተሸክማ አራት ጊዜ ደረጃውን ትወጣለች። የተሸከመችው 80 ሊትር ነው፤ አምስቱ የቤት ሰዎች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 16 ሊትር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለምግብ፣ ስንቱ ለልብስ እንደሚውል መዝግባ፣ የልብሱ እጣቢ ለመጸዳጃ ቤት እንዲያገለግል ማድረግዋን ብትጽፍና የውኃ ምሕንድስና ለመማር የተመኘችው ከዚህ የተነሣ መሆኑን ብትገልጽ፣ አንባቢው ያምናታል። ያየችውን፣ ያሰበችውንና ያደረገችውን በሥርዓት አስቀምጣለችና።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ፈተና አለ። አንዳንዶች ልጅቱ እንድትመረጥ ሲሉ ችግርን ያጋንናሉ፤ አባትዋ በሕይወት ሳለ ሞቷል ብላ እንድትጽፍ እስከ መምከርም ይደርሳሉ። ይህ በዳኞች ላይ የሚፈጸም ማታለል ከመሆኑም በላይ በልጅቱ ላይ የሚጫን ሸክም ነው። ዕድሉን ብታገኝ እንኳ አራት ዓመት ሙሉ አባትዋን ስትደብቅ ልትኖር ነው። እውነተኛ ሐዘን የደረሰባት ልጅም ብትሆን ቁስሏን ለማያውቅዋት ሰዎች የመግለጥ ግዴታ የለባትም። የምትገልጠውንና የምትሰውረውን ራስዋ ትምረጥ።

ስለ ቋንቋም ጥቂት እንበል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቢሰጥም፣ የቤትዋን ነገር የምታስበው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው። ስለዚህ አስቀድማ በአማርኛ ወይም በምታስብበት ቋንቋ አሳብዋን ታውጣ፤ ከዚያም በምታውቀው ቀላል እንግሊዝኛ እንደ ገና ትጻፈው። ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ከባድ ቃል ከሌላው ዐረፍተ ነገር ጋር ስለማይስማማ ወዲያው ይታወቃል።

3. ረዳቶች እስከ ምን ድረስ ይርዱ?

መምህርም ሆነ ዘመድ ድርሰቱን አንብቦ «ይህን ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» «ከዚያስ ምን አደረግሽ?» ብሎ ቢጠይቃት መልካም ነው። የፊደል ግድፈት ያለበትን ስፍራ ማመልከትም፣ ደንቡ እስካልከለከለ ድረስ፣ ነውር የለበትም። ብዕሩን ተቀብሎ ዐረፍተ ነገሩን ራሱ መጻፍ የጀመረ ግን ከረዳትነት አልፏል።

በዚህ ዘመን ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ድርሰት የሚያቀርብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእጅ ስልክ ይገኛል። አንዳንድ ውድድሮች ይህን ፈጽመው ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ደንቡን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ባይከለከልም እንኳ መሣሪያው ስለ ጀሪካኑና ስለ ደረጃው አያውቅም። ለመጨረሻው ዙር የተመረጡ ተማሪዎች ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ስለ ጻፉት ነገር ሊጠየቁ ይችላሉ። ያልጻፈችውን ድርሰት የያዘች ልጅ በዚያን ጊዜ ምን ትመልሳለች?

ወላጆች ከሁሉ በላይ ሊሰጡአት የሚችሉት ጊዜ ነው። ወንድም በመጽሐፉ ላይ ሲቀመጥ እኅት እንጀራ ትጋግራለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ታናናሾችዋን ትጠብቃለች። ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ በሳምንት ሁለት ምሽት ሥራዋን ሌላው ቢሠራላትና ቴሌቪዥኑ ቢዘጋላት፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ከማግኘት ይልቅ ይጠቅማታል።

4. ስለ ማመልከቻና ስለ ሰነድ

ብዙ ጥሩ ድርሰቶች በማመልከቻው ስሕተት ምክንያት ሳይነበቡ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስተውል።

ሀ) ስም፦ የውጭ አገር ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅቱ በቅጹ ላይ የምትሞላው በፈተና ማስረጃዋ፣ በመታወቂያዋና በፓስፖርትዋ ካለው ጋር በላቲን ፊደል አጻጻፉም ጭምር አንድ ይሁን።

ለ) የልደት ቀን፦ ዘመኑን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በትክክል መለወጥ ያሻል። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ሴፕቴምበር 12 ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በቅጹ ላይ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ብላ ትጽፋለች። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ከወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አስቀድማ ታውጣ።

ሐ) የመጨረሻ ሰዓት፦ በግሪንዊች አቆጣጠር 23፡59 ሰዓት የተባለው በእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ሰዓት ነው። ሆኖም መብራትና የኢንተርኔት መሥመር በሚቋረጥበት ከተማ ማመልከቻን ለመጨረሻዋ ሌሊት ማቆየት አይገባም። ከሦስት ቀን በፊት መላክና መድረሱን የሚገልጸውን መልእክት ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

መ) የመምህር ድጋፍ ደብዳቤ፦ መምህሩ በክፍሉ ብዙ ተማሪዎች አሉት። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በአክብሮት ይጠየቅ፤ የውድድሩም ማስታወቂያ ቅጂ ይሰጠው።

5. ገንዘብ ከሚጠይቁ እንጠንቀቅ

«ዕድሉን አስጨርስላችኋለሁ» የሚሉ ደላሎች የወላጅን ምኞት እንደ ገበያ ይቆጥሩታል። አንዳንድ ተቋማት በግልጽ የታወቀ አነስተኛ የማመልከቻ ክፍያ ሊኖራቸው ይችል ይሆናል፤ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ የሚጠየቅ ገንዘብ ግን የማታለል ምልክት ነው። ማስታወቂያውን ከሰው አፍ ከመቀበል ይልቅ ከተቋሙ ከራሱ ማረጋገጥ ይገባል። ለምሳሌ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት መርሐ ግብር ማመልከቻዎች የሚቀርቡት ተባባሪ ለሆኑ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ነው። በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ2017 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ አንዱ ሆኗል። ስለዚህ በፋውንዴሽኑ ስም በየመንገዱ ማመልከቻ የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ አንመነው።

6. ዕድሉ ባይገኝስ?

ተወዳዳሪዎች ብዙ፣ ተመራጮች ጥቂት ናቸውና አብዛኞቹ ሳይመረጡ ይቀራሉ። ያን ቀን «እኔ አላልኩሽም?» የሚል ድምፅ በቤት ውስጥ አይሰማ። ድርሰቱን ሌላ ሰው ጽፎት ከነበረ ከዚያ ድካም ለልጅቱ የሚቀርላት አንዳች ነገር የለም። ራስዋ ጽፋው ከሆነ ግን ስለ ራስዋ በግልጽ ማሰብን ተምራለች፤ ሰነድዋ ተዘጋጅቷል፤ ጽሑፍዋም ተሻሽሎ ለሚቀጥለው ውድድር ይቀርባል። ወላጆችም ልጃቸው ጀሪካን ስትሸከም ምን ታስብ እንደ ነበር፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንብበው ያውቃሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን የሴት ልጃችን የጥናት ሰዓት ስንት ነው? የወንድ ልጃችንስ?
2. ልጃችንን ለመርዳት ስንል በእርስዋ ፈንታ የምንናገርባቸው ጊዜያት የትኞቹ ናቸው?
3. ልጃገረዶች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ካያችሁትና ካደረጋችሁት መካከል እናንተ ብቻ ልትጽፉት የምትችሉት ነገር ምንድን ነው?