ቧንቧውን ማን ዝም አሰኘው?

ዛሬ ጠዋት ስትነሺ ቧንቧው አልተንጠባጠበም። ልብ ብለሻል?

ሰሞኑን ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ እያለ እንቅልፍ ሲነሳሽ አልነበር? ታዲያ ማን ዝም አሰኘው?

ባልሽ ነዋ! ከሥራ መልስ ፒንሳውን ይዞ ተንበረከከ። ያረጀችውን ላስቲክ አወጣ፣ አዲሷን ከተተ፣ እጁን ታጥቦ ራቱን በላ። አንቺም በላሽ። ስለ ቧንቧው ማንም ምንም አላለም።

አንተስ? አትሳቅ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ጀሪካኑን የምትሞላው ማን ናት? የላላውን የቁም ሳጥን እጀታ በካቻቪቴ ያጠበቀችው፣ ወንበር ላይ ወጥታ አምፖል የቀየረችውስ? አንተ ያኔ የት ነበርክ?

ተኝተህ!

ክፋት ኖሮን አይደለም። የተሠራ ሥራ ከዓይን ይሰወራል። የተጠገነ በር አይጮኽም፤ የታጠበ ሳህን መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ይረሳል። ጎልቶ የሚታየው ያልተሠራው ነው። ስለዚህ አፋችን ለወቀሳ ይፈጥናል፣ ለምስጋና ይለግማል።

ይባስ ብሎ የራሳችንን ድካም አሳምረን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስ እና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ባለትዳሮችን ለየብቻ ጠየቋቸው፤ ከቤቱ ሥራ የአንተ ድርሻ ስንት ነው? ያንቺስ? በአብዛኞቹ ጥንዶች ዘንድ የሁለቱ ድርሻ ሲደመር ካለው ሥራ በለጠ! ማንም አልዋሸም። ሁሉም የራሱን ላብ ያውቃል፣ የሌላውን ግን ቆሞ አላየም።

እንግዲያው አስተሳሰብህን ቀይር! ዓይንህን አሠልጥን! ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ አንድ ነገር ፈልግ። ትናንት ተበላሽቶ የነበረ፣ ዛሬ ግን የሚሠራ አንድ ነገር። ታገኘዋለህ።

«ግን እኮ ግዴታው ነው! ቤቱ የሱም አይደል? እኔን ለሽሮው ማን አመሰገነኝ?»

ጥያቄሽ እውነት አለው። ወንድ አንድ ቀን ሳህን ሲያጥብ ዘመድ አዝማዱ «ታድለሻል!» ይላል። ሴቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥብ ትንፍሽ የሚል የለም። ይሄ ያናድዳል፤ ማናደድም አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። ግሩም ነው! ሕግ ግን ሳህን አያጥብም።

ታዲያ መፍትሔው እሱንም ምስጋና መንፈግ ነው? በፍጹም! አንቺም አመስግኚ፣ አንተም አመስግን። ግዴታ መሆኑ ድካሙን አያስቀረውም። ቡና ያቀረበችልህን አስተናጋጅ፣ ደሞዟን እንደምትቀበል እያወቅህ «አመሰግናለሁ» ትላት የለ? ቤትህ ያለችው ምን በደለችህ?

(ዓመት ጠብቆ አንዲት ሚስማር መትቶ ከበሮ እንዲመታለት የሚጠብቅም አለ። የእሱን ጉዳይ ለሌላ ቀን እናቆየው።)

እንዴት ትጀምሪያለሽ? ሥራውን በስሙ ጥሪው! «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ ጎበዝማ ለሁሉም ይባላል። «በሩ ሲጢጥ ሳይል ስለተከፈተ ልጁ አልነቃም፤ ተባረክ» በይው። አንተም «ሌሊት ተነስተሽ ባትሞዪ ኖሮ ዛሬ ሳልታጠብ ነበር የምወጣው» በላት። ሰው ቤት በልተን ስንነሳ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እንላለን። የራሳችን ቤት ሲሆን ምነው ምርቃቱ አለቀብን?

ደግሞ ለውጥ ያመጣል! ሳራ አልጎ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ጥንዶች የየዕለት ውሏቸውን እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። የአጋሩ ውለታ ከልብ የተሰማው ሰው በማግስቱ ግንኙነታቸው የተሻለ ሆኖ አገኘው። ውለታውን የዋለውም እንዲሁ። በአንድ ሌሊት!

አሁን ከባዱ ነገር። ሠርቶ ሲጨርስ ከኋላው አትድገሚው! ያጠበውን ብርጭቆ እያየሽ መልሰሽ ካጠብሽው ያ ሁሉ ምስጋና ገደል ገባ። የሰቀለው መደርደሪያ ትንሽ ዘመመ? ዕቃ ይይዛል? ከያዘ በቃ! በኤሌክትሪክ ግን አልደራደርም። የምጣዱን ሽቦ ከመነካካቱ በፊት ሶኬቱ መነቀሉን አረጋግጪ። ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቶ ሲታገል ሶፋ ላይ ሆነሽ መመሪያ አትስጪ፤ ሂጂና የስልክሽን ባትሪ አብሪለት። አንተም ምክርህን ያዝና መሰላሉን ደግፍላት።

ሰው ፊትም ተናገሩ። «ወንድ ጓዳ ገባ» ተብሎ የሚሳቅበት ሰፈር ዛሬም አለ። ጓደኞቹ መጥተው «ሽንኩርቱን የከተፈው እሱ ነው» ስትያቸው፣ እያላገጥሽ ነው ወይስ እየኮራሽ? ድምፅሽ ያሳብቃል። ኩሪ! ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ያለውን የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አስቢ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ መንደር ሥራን የወንድና የሴት ብሎ አይከፍልም። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ በሬ ጠምዳ ታርሳለች። ጎረቤት ጠልቷቸው ነበር። እነሱ ግን አልቆሙም! ኋላ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ሊያያቸው መጣ።

አንተ ግን ፎገራ ድረስ መሄድ አያስፈልግህም። ጓዳህ በቂ ነው።

ስለዚህ ጀምሩ! ሰኞ አይደለም፣ ዛሬ ማታ።

የመጀመሪያው ቀን ግራ ያጋባል፤ ቀድሜ ልንገራችሁ። «ዛሬ ምን ነካሽ?» ይልሻል። «ምን ልትጠይቀኝ ነው?» ትልሃለች። ምንም አትጠይቁ። አጥሩ ገና ቀለም አልተቀባም? ይቆይ።

ቢያንስ እስከ ቅዳሜ።