መድኃኒቱ አለ፤ ፈቃዱ ግን በማን እጅ ነው?

ባለፈው ሳምንት በጥናት ክበባችን ስለ ወረርሽኝና ስለ ትምህርት ቤቶች መዘጋት ስንወያይ፣ አንድ ሠልጣኝ ወንድማችን ብድግ ብሎ «ሰው ለፍቶ የፈጠረውን መድኃኒት ያለ ፈቃዱ መሥራት ሌብነት አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ከመካከላችን ገሚሱ «ነው» አለ፤ ገሚሱ «ኧረ አይደለም» አለ። ክርክሩ ጦፎ ሳለ የራት ደወል ተደወለና ሳንቋጨው ተበተንን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ተከታይ ነው። እኛ አዘጋጆቹ መልሱን ለመፈለግ የመረጥነው አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ከ1998 እስከ 2001 በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የኤድስ መድኃኒት ክስ ነው። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።)

ፓተንት ማለት ምን ማለት ነው?

በቅድሚያ ቃሉን እንረዳው። በየአገሩ የታወቁ የባሕል መድኃኒት አዋቂዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አዋቂው ሥሩን ከየት እንደሚቆፍር፣ ከምን ጋር እንደሚቀምም ለማንም አይናገርም። ለልጁ እንኳ ቢነግር ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። ሳይናገር ከሞተ መድኃኒቱም አብሮት ይቀበራል። ለምን ይደብቃል? ቢናገር ጎረቤቱ ሁሉ ቀምሞ ይሸጣላ! የእሱ እንጀራ ይቀራል።

ፓተንት የሚባለው መብት ከዚህ ሰው ጋር የሚደረግ ውል ነው ብለን እናስበው። መንግሥት እንዲህ ይለዋል፦ «ምስጢርህን ጽፈህ በመዝገብ አኑር፤ የፈለገ ሁሉ ያንብበው። በምትኩ ለተወሰነ ዘመን ካንተ በቀር ማንም እንዳይሠራው፣ ማንም እንዳይሸጠው እከለክልልሃለሁ። ዘመኑ ሲያበቃ ግን የሁሉም ይሆናል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ መብት እንደ በሬ ወይም እንደ ቤት ያለ ንብረት አይደለም። ጎረቤቴ በሬዬን ቢወስድብኝ እኔ በሬ አይኖረኝም። መድኃኒቴን አይቶ ቢሠራ ግን እኔም መሥራቴን እቀጥላለሁ፤ የቀረብኝ ነገር ብቻዬን መሸጥ ነው። እንግዲህ ሕጉ ለሰውየው የሰጠው ብቸኝነትን ነው። የሰጠውም ሕዝብ በኋላ ይጠቀማል ብሎ እንጂ መብቱ ከሰማይ የወረደ ሆኖ አይደለም። ሰዎች የጻፉት ውል ነው፤ ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው።

ዛሬ ስለ ፓተንት አጥብቀው የሚያስተምሩን አገሮች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ስዊዘርላንድ እስከ 1977፣ ኢጣሊያ እስከ 1978 ድረስ ለመድኃኒት ለራሱ ፓተንት አይሰጡም ነበር። ህንድ በ1970 ባወጣችው ሕግ ለመድኃኒቱ ሳይሆን ለአሠራሩ ዘዴ ብቻ፣ ያውም ለአጭር ዘመን ፓተንት ፈቀደች። በዚህም የተነሣ የህንድ ኬሚስቶች ሌላ የአሠራር መንገድ እየፈለጉ ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ማምረት ቻሉ። በአገራችንም የፈጠራ አዋጅ በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ ለፓተንት 15 ዓመት፣ ሲራዘም ደግሞ 5 ዓመት ጨምሮ ደንግጎ ነበር።

ከ1995 ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም «ትሪፕስ» የተባለው ስምምነት አብሮ መጣ። በስምምነቱ መሠረት አባል አገሮች ለመድኃኒትም ቢሆን 20 ዓመት ፓተንት እንዲሰጡ ተገደዱ። ለድሆቹ አገሮች የእፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ህንድ ለምሳሌ እስከ 2005 ቆይታለች። ይሁንና በዚሁ ስምምነት 31ኛ አንቀጽ አንድ በር ክፍት ቀርቷል። መንግሥት ባለ ፓተንቱ ባይስማማም እንኳ ሌላ ፋብሪካ መድኃኒቱን እንዲሠራ ሊፈቅድ ይችላል፤ ለባለ መብቱም ተገቢው ክፍያ ይከፈለዋል። ይህ «የግዴታ ፈቃድ» ይባላል። ሌብነት ነው ላልነው ወንድማችን የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው፤ በሩ ያለው ውሉ ውስጥ ነው።

ማንዴላ የተከሰሱበት ጉዳይ

በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መውሰድ የኤድስ ሕመምተኛን ከሞት አፋፍ እንደሚመልስ ታወቀ። ደስታው ግን ገንዘብ ላለው ነበር። ሕክምናው ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ይጠይቅ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ያን ጊዜ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሚሞቱትም መካከል ነርሶችና መምህራን ጥቂት አልነበሩም። ክፍል ውስጥ ተማሪ ተቀምጦ መምህሩ ከመቃብር አይመለስም፤ ይህን እኛ ለመምህርነት የምንሠለጥን ሰዎች ቆም ብለን እናስበው።

የማንዴላ መንግሥት በ1997 የመድኃኒት ሕጉን አሻሻለ። አዲሱ ሕግ፣ አንድ ኩባንያ ያንኑ መድኃኒት በሌላ አገር በርካሽ የሚሸጠው ከሆነ ከዚያ ገዝቶ ማስገባትን ፈቀደ። የፓተንት ዘመናቸው ያለፈ መድኃኒቶችን በተመለከተም ፋርማሲው ውድ ከሆነው ይልቅ ርካሹን እንዲሰጥ አዘዘ። ይኼው ነው። የማንንም ፋብሪካ አልወረሰም። ሆኖም በየካቲት 1998 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ከማኅበራቸው ጋር ሆነው ክስ መሠረቱ። ከተከሳሾቹ ፊተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው! የአሜሪካ መንግሥትም በመጀመሪያ ከኩባንያዎቹ ጎን ቆሞ ጫና አሳድሮ ነበር።

ክሱ ሦስት ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው በአገር ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1998 «የሕክምና ተግባር ዘመቻ» የተባለ የሕመምተኞች ንቅናቄ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዛኪ አክማት ቫይረሱ በደሙ እያለ፣ ገንዘቡም ሊገኝለት እየቻለ፣ መድኃኒቱ ለድሃው በሕዝብ ሐኪም ቤት እስኪሰጥ ድረስ እኔም አልወስድም ብሎ ማለ። ሁለተኛው ከህንድ ነው የመጣው። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው ኩባንያ ኃላፊ ዩሱፍ ሐሚድ ሦስቱን መድኃኒቶች ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በዓመት በ350 ዶላር አቀርባለሁ አሉ።

ሒሳብ የምታስተምሩ እስቲ አስሉት፤ 350 ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን አንድ ዶላር አይሞላም። ከ10,000 ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ወደ 29 እጥፍ ይረክሳል። ሲፕላም ቢሆን ኩባንያ ነው፤ የጽድቅ ማኅበር አይደለም። ስለዚህ የቀድሞው ዋጋ የመድኃኒቱ መሥሪያ ወጪ አለመሆኑ በአንድ ቀን ተጋለጠ። የብቸኝነት ዋጋ ነበር። ኋላ ፋብሪካዎች እርስ በርስ ሲፎካከሩ ዋጋው በዓመት ከ100 ዶላርም በታች ወረደ።

መጋቢት 5 ቀን 2001 ፍርድ ቤቱ በፕሪቶሪያ ተሰየመ። የሕመምተኞቹ ንቅናቄ ለፍርድ ቤቱ ማስረጃ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። ያን ጊዜ ኩባንያዎቹ ጊዜ ይሰጠን አሉ። «ለምርምር ብዙ አውጥተናል» ያሉት ክርክር ሒሳብ አምጡ የሚያሰኝ ሆነባቸዋ! ለምሳሌ ኤዜድቲ የተባለው የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት በ1964 በአሜሪካ በሕዝብ ገንዘብ ለካንሰር ተብሎ የተሠራ ነበር፤ በኋላም ቫይረሱን እንደሚገታ ሲፈተን የመንግሥት ተመራማሪዎች ድርሻ ነበራቸው። በ1987 ገበያ ሲወጣ ግን ኩባንያው በዓመት ወደ 10,000 ዶላር አስከፈለበት። ሚያዝያ 19 ቀን 2001 ኩባንያዎቹ ክሱን አንስተው የመንግሥትንም የጠበቃ ወጪ ለመክፈል ተስማሙ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ያምር ነበር። እውነቱ ግን ከዚያ በኋላም ሰዉ መሞቱን ቀጠለ። የፕሬዚዳንት ምቤኪ መንግሥት የኤድስን መንስኤ ራሱን እየተጠራጠረ መድኃኒቱን ለሕዝብ ማደል አዘገየ፤ ሰፊው ዕደላ የጀመረው በ2004 ነው። አክማትም ክኒኑን መዋጥ የጀመረው መንግሥት እጁን መስጠት በጀመረበት በ2003 ነበር። ኩባንያው በሩን ቢከፍት መንግሥት በሩ ላይ ሊቆም ይችላል። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ለአንድ ወገን ያደላን ይሆናል።

ከዚህ ታሪክ እኛም አገር የደረሰ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የእርዳታው ገንዘብ ከውጭ የመጣ ቢሆንም፣ ዋጋው በነበረበት ቢቆይ ኖሮ ያው ገንዘብ ለጥቂት ሰው ብቻ በበቃ ነበር።

አምስት ሰው የሞተበት አገር

በጥቅምት 2001 አሜሪካ ውስጥ በፖስታ የተላከ የአንትራክስ ዱቄት 5 ሰው ገደለ። የፈውሱ መድኃኒት ፓተንት የጀርመኑ የባየር ኩባንያ ነበር። የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር ዋጋውን ካልቀነሳችሁ ፓተንቱን እናልፈዋለን ብለው አስፈራሩ፤ ዋጋውም ወደ ግማሽ ወረደ። እኛ በዚህ አንፈርድባቸውም፤ ሕዝባቸውን መጠበቃቸው ነው። ግን ለ5 ሰው የሚሠራ ሕግ ለሚሊዮኖች ለምን አይሠራም? አፍሪካውያን ይህንኑ ጠየቁ። በተከታዩ ወር፣ ኅዳር 14 ቀን 2001፣ የንግድ ሚኒስትሮች ዶሃ ላይ ተሰብስበው ትሪፕስ አገሮችን ጤናቸውን ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ በጽሑፍ አረጋገጡ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ፋብሪካ የሌለው አገር ፈቃዱን ቢያገኝ በምን ይሠራዋል? በ2003 ለዚህ የተለየ ደንብ ወጣ፤ ፋብሪካ ያለው አገር ለሌለው እየሠራ ይላክ ተባለ። ደንቡ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት በዚህ መንገድ መድኃኒት የደረሳት ሩዋንዳ ብቻ ነበረች፤ ከካናዳ። እሷም በ2007 ጠይቃ የመጀመሪያው ጭነት የተላከው በ2008 ነው። ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ፣ ፈቃድ በፈቃድ ላይ! በሽታ እንዲህ አይጠብቅም።

ኮሮና ሲመጣ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቻችን ሲዘጉ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንግሊዝ ክትባት መስጠት የጀመረችው በታኅሣሥ 2020 ነው። ለእኛ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት ቦሌ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የተሠራውም ህንድ ውስጥ ነበር። ወዲያው ወረርሽኙ በህንድ ሲበረታ ህንድ ወደ ውጭ መላኩን ገታች፤ ለአፍሪካ የታሰበው ተጓተተ። ሠሪው አንድ ሲሆን የሚሆነው ይህ ነው።

ህንድና ደቡብ አፍሪካ ቀደም ብለው፣ ጥቅምት 2 ቀን 2020፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ፓተንቱም ሌላውም የአእምሮ ንብረት መብት ይነሣ ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር። ክርክሩ 20 ወር ፈጀ። በሰኔ 2022 ውሳኔ ሲሰጥ ለክትባት ብቻ የሚሆን የተቆራረጠ ፈቃድ ሆነ፤ የመመርመሪያና የማከሚያ መድኃኒቶች አልተካተቱም። ያኔ ደግሞ የክትባቱ ጥድፊያ አልፎ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ግን የሞደርና ጉዳይ ነው። ኩባንያው በጥቅምት 2020 በወረርሽኙ ዘመን በፓተንቴ ማንንም አልከስም ብሎ አስታወቀ። ደግ ነው! ታዲያ ለምን ወዲያው በየአገሩ አልተሠራም? ፓተንቱ ላይ ያልተጻፈ ብዙ አለዋ። የሙቀቱ መጠን፣ የቅልቅሉ ቅደም ተከተል፣ የሠራተኛው የእጅ ልምድ አልተነገረም። ኬፕ ታውን ያለው አፍሪጀን የተባለ ድርጅት በዓለም ጤና ድርጅት አጋርነት፣ ያለ ሞደርና እገዛ፣ ከታተመው መረጃ ተነሥቶ ክትባቱን አስመስሎ በቤተ ሙከራ ሠራ፤ ይህ የተሰማው በየካቲት 2022 ነው። እንግዲህ ወደ መድኃኒት አዋቂው ተመለስን ማለት ነው። ቅጠሉን አሳይቶ አቀማመሙን መደበቅ! ውሉ የተገባው ምስጢሩ እንዲገለጥ አልነበረም ወይ? ደግሞም ለሞደርና ክትባት ምርምርና ግዢ የአሜሪካ ሕዝብ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍሎበታል።

በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የወረርሽኝ ስምምነት አጸደቁ። በወረርሽኝ ጊዜ አምራቾች ከምርታቸው 20 በመቶውን ለድርጅቱ እንዲያቀርቡ፣ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ በነጻ እንዲሆን ታሰበ። ዝርዝሩ የሚወሰንበት አባሪ ግን ለሌላ ድርድር ተላለፈ። የአሠራር ዕውቀትን ማካፈልም ቢሆን በስምምነት እንጂ በግዴታ አልሆነም።

ያልተስማማንበት

እኛ አዘጋጆቹ በዚህ ጽሑፍ ላይ ስንሠራ አንድ ነጥብ ላይ ተከፋፍለናል፤ አንደብቀውም። ግማሾቻችን ፓተንት ከነጭራሹ ለመድኃኒት ባይኖር ይሻላል እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ያለ ትርፍ ማን ይመራመራል?» እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ካላዛርን ይጠቅሳሉ። በመተማና በሁመራ ቆላ የቀን ሠራተኛውን የሚጨርሰው ይህ በሽታ ለብዙ ዘመን የታከመው በ1940ዎቹ በተገኘ መርፌ ነው። ፓተንት የሚከለክለው ማንም አልነበረም፤ ፓተንት አጓጉቶት የተሻለ ለመፈለግ የተሽቀዳደመ ኩባንያም አልታየም። ሕመምተኛው ገንዘብ የለውማ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ፣ «ለምርምር የሚከፍለው መንግሥት ይሁን ካላችሁ የእኛ መንግሥት ከየት አምጥቶ?» ይላሉ።

ክርክሩ ሐሙስ ከራት በፊት በቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ይቀጥላል። መምህራኖቻችንም ቢገኙልን ደስ ይለናል። ጥያቄውን ያነሣው ወንድማችን የመጀመሪያው ተናጋሪ እንዲሆን ቀጠሮ ይዘንለታል።