ደብተሩን አውጥተህ አንብብ

ልጄ፣ የሽንኩርትን ዋጋ በየማለዳው ታውቃለህ፤ የፓምፕህን ድምፅ ሰምተህ ምን እንደጎደለው ትለያለህ። ከአባትህ የወረስከውን የመሬት ደብተር ግን ከሳጥን አውጥተህ አንድ ቀን አላነበብከውም። ክፋት የለብህም፣ ቸልታ ነው። እዚህ መቂ ብዙ ሰው መሬቱን ያጣው በቸልታ ነውና ተቀመጥና ስማኝ።

1. መሬትህ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ እወቅ። በምኒልክ ዘመን የደቡቡ አገር በጦር ከተያዘ በኋላ ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ተጣለ። እንደ ደንቡ ሲሶው ለአገሬው ባላባት ሲቀር፣ ሌላው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። ቀድሞ ሲያርስበትና ከብት ሲያግድበት የኖረው ሰው በገዛ ቀዬው ገባር፣ ኋላም ጢሰኛ ሆነ። ያካፍላል፣ ተነሣ ሲሉትም ይነሣል። ይህ የቆመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ ጢሰኝነት ቀረ። ይህን የማያውቅ ልጅ ደላላ ሲያባብለው አያቶቹ ምን እንደከፈሉበት አይታየውም።

2. የጋራ ግጦሹን ባዶ መሬት ነው አትበል፣ ሲባልም ዝም አትበል። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርህ ብዙ ሕዝብ በዚህች ቃል ስለተነቀለ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በሰው ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ የግጦሽ መሬት፣ ደንና ሐይቅ ሳይቀር፣ የመንግሥት ነው ይል ነበር። ከብት አርቢው ግጦሹን በስሙ አስጽፎ አያውቅም፤ የእርሱ መዝገብ የሽማግሌ ቃልና የውኃ ተራ ነው። ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆ ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የሸንኮራ እርሻ ሲከለል፣ ቀጥሎም የአዋሽ ፓርክ ሲታጠር፣ ከረዩ የሚባሉት ከብት አርቢዎች ክረምት ከበጋ የሚዞሩበት መሬት ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረ። ነጮቹም በሌላው ዓለም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እንግሊዞች አውስትራሊያን ሲይዙ አገሩን ባለቤት የሌለው አሉት፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን የሻረው በማቦ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ክሱን ያነሣው ኤዲ ማቦ ፍርዱን ሳይሰማ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቷል። ዓለም አቀፉም ፍርድ ቤት ስለ ምዕራብ ሰሐራ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጠየቅ፣ በጎሣ ተደራጅተው በአለቆቻቸው ሥር የሚኖሩ ሰዎች ያሉበት ምድር ባዶ አይባልም ብሏል። አንተ ግን ፍርድ ቤት እስኪደርስ አትጠብቅ። የቀበሌህ ግጦሽ ወሰኑ ተለክቶ በጋራ ይዞታነት መመዝገቡን ከሽማግሌዎች ጋር ሄደህ ጠይቅ። ያልተጻፈ ወሰን በጎረቤት ይሉኝታ ብቻ ይኖራል።

3. ያለህን መብት በልኩ እወቀው፤ መሬት አትሽጥ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት አለው፤ ከብት አርቢውም እንዲሁ። ጎጆው፣ ጉድጓዱና የተከለው ዛፍ ግን የራሱ ንብረት ነው። መሬት ቢሸጥ ይሻላል የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ፣ ክርክራቸውን ሰምቻለሁ። እኔ በአንድ መጥፎ ዓመት ዕዳ ምክንያት ስንት ቤተሰብ ለዘለዓለም ይነቀል እንደነበር ስለማስብ አልቀበላቸውም። ዳሩ ግን ባለመሬቱ መንግሥት ሲሆን የሹሙ እጅ ይከብዳል፤ ከዚህ በታች የምነግርህም ለዚያ ነው።

4. ሳታስመዘግብ አታከራይ። ባለሀብቱ ፓምፕና ዘር ይዞ ይመጣል፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ ያስፈርምሃል፣ ምስክሮቹም የእርሱ ሰዎች ናቸው። የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130/1999 ገበሬው ከይዞታው ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ፣ ዘመኑም በባህላዊ አስተራረስ ከ3 ዓመት፣ በዘመናዊ ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። አዋጅ ይሻሻላልና ዛሬ የሚሠራበትን ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ግማሹ ለምን ተከለከለ ብለህ አትቆጣ፤ ኪራዩ ሲያልቅ ልጆችህ የሚበሉበት እንዲኖር ነው። ከሁሉ የባሰው ወለድ አገድ ነው። ለሰርግ ወይም ለሕክምና ገንዘብ ተበድረህ መሬቱን ትሰጣለህ፣ አበዳሪው ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፣ ዋናው ብር ግን አይጎድልም። ከሦስት መኸር በኋላ አንተ በገዛ ማሳህ የቀን ሠራተኛ ነህ። ይህ ከጢሰኝነት በምን ይለያል?

5. የሚስትህ ስም ከስምህ ጎን በደብተሩ ላይ ይጻፍ። የእኅትህን ድርሻም አትካድ፤ በእርሷ ላይ የተሠራ ግፍ ነገ በአንተ ላይ ክስ ሆኖ ይመጣል።

6. መሬቱ ለልማት ይፈለጋል ሲሉህ ወረቀት ጠይቅ፣ ብቻህንም አትቁም። ካሳ ከመነሣትህ በፊት ይከፈላል፤ ሕገ መንግሥቱ ያለው ነው። ምትክ መሬት ለማይሰጠው ገበሬ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የ10 ዓመት ገቢ የነበረው ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 ዓመት ከፍ ብሏል። ስለዚህ በየዓመቱ ስንት ኩንታል እንዳመረትክና በስንት እንደሸጥክ ጻፍ፤ ገማቹ የሚያምነው የተጻፈውን ነው። አቤቱታ የሚቀርብበት ቀን የተቆጠረ ነውና ነገ አትበል። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ በኬንያ በኩል እንዶሮይስ የሚባሉ ከብት አርቢዎች አሉ። በ1970ዎቹ እንደ ነጮቹ አቆጣጠር ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ለዱር አራዊት ጥብቅ ቦታ ይከለላል ተብለው ተነሡ። መጀመሪያ በአገራቸው ፍርድ ቤት ተከራከሩ፣ ሲሸነፉም እስከ አፍሪካ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሄዱ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ውሳኔው መሬቱ እንዲመለስላቸውና ካሳ እንዲከፈላቸው ወሰነ። የተፈረደላቸው በአፍሪካ ቻርተር ነው፤ ኢትዮጵያም ይህን ቻርተር በ1990 ዓ.ም. ተቀብላለች። ውሳኔውን ማስፈጸሙ ግን ዓመታት ፈጅቷል። እዚያ የደረሱት ተሰብስበው፣ ከታች ጀምረው፣ እያንዳንዱን ደብዳቤ አስቀምጠው ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ሽንኩርቱ ቢነቀልም ባይነቀልም በዚህ ሳምንት ከሚስትህና ከእኅትህ ጋር ወረዳ ሂዱ። ደብተሩ ላይ ያለው ወሰን ከማሳው ጋር መግጠሙን አስመርምሩ፤ ያልተመዘገበ ኪራይ ካለ አስመዝግቡ፤ የግጦሹንም ነገር ሳትጠይቅ እንዳትመለስ።