እሬት በሐርጌሳ

በሶማሌላንድ የምትገኘው ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምድር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የዓመቱ ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ እርሱም በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ይዘንማል። በቀሩት ወራት የሚያይለው ፀሐይና አቧራ ነው። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት በዚህ ከተማ ግቢውን በአበባ ለማስጌጥ የሚሻ ሰው ከእሬት የተሻለ ተክል አያገኝም።

የእሬት ኃይሉ በቅጠሉ ነው። ወፍራሙ ቅጠል በዝናብ ጊዜ ያገኘውን ውሃ ያጠራቅማል፤ ሽፋኑም ሰም የተቀባ ይመስላል። ይልቁንም የሚያስደንቀው አተነፋፈሱ ነው። አብዛኞቹ ዕፀዋት የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ሲከፍቱ፥ እሬት የሚከፍተው አየሩ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት ነው። ስለዚህ በትነት የሚያጣው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው።

ለመትከል በእናቲቱ ሥር ከወጡት ቡቃያዎች አንዱ ከነሥሩ ይነቀልና ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት በጥላ ይቀመጣል። ይህን ችላ ያለ አትክልተኛ ተክሉ ሲበሰብስበት ያያል። መደቡ ፀሐይ የሚያገኝ፥ ከፍ ያለ፥ አሸዋና ጠጠር የበዛበት ይሁን። ሥር እስኪሰድ አልፎ አልፎ ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከውሃ ጥም ይልቅ የውሃ ብዛት ይገድለዋል። በረጅም ዘንግ ላይ የሚደረደሩት ቱቦ መሰል አበቦቹ ንቦችንና አበባ ቀሳሚ ወፎችን ይስባሉ።

ሶማሌዎች እሬትን «ደዓር» ይሉታል። ከዝርያዎቹ አንዱ ቅጠሉ ሲቆረጥ ፈሳሹ እንደ ደም ስለሚቀላ «ደዓር ዓስ»፥ ማለትም «ቀይ እሬት» ይባላል። የአገሩ ሰዎች በዚህ ስም ሲያውቁት የኖሩ ቢሆንም፥ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረው ገና እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። አሕመድ ኢብራሂም አዋሌና ፋይሰል ጃማ ጌሌ ከዕፀዋት ተመራማሪዋ ከሜሪ ባርክዎርዝ ጋር «አሎ ሳንጉዊናሊስ» ብለው ሰየሙት። በትልልቅ ቁጥቋጦ የሚበቅል፥ ከሩቅ የሚታይ ተክል ይህን ያህል ዘመን ሳይመዘገብ መቅረቱ ያስገርማል።

ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች ሁሉ ከአገር ወደ አገር የሚሸጡት በዓለም አቀፍ ስምምነት በተወሰነ ፈቃድ ነው። ለግቢ ጌጥ ተብሎ ከሜዳ የሚነቀለውን ግን ማን ይቆጥረዋል? የዱሩን እሬት ነቅሎ ወደ ከተማ ማምጣት አትክልተኝነት ሳይሆን ዝርፊያ ነው። ከጎረቤት ግቢ አንድ ቡቃያ ለምኖ መትከል ይቻላልና።

መልመጃ

1. እሬት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሌሊት መክፈቱ ምን ይጠቅመዋል?
2. «ቁስሉ» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ምንን ያመለክታል?
3. በአካባቢያችሁ ድርቅን የሚቋቋም አንድ ተክል መርጣችሁ አተካከሉን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።