ከስደተኞች መጠለያ የወጣ ችቦ

ርዳታ ዘወትር ከባለጠጋ ወደ ድኻ ብቻ የሚሄድ ይመስለናል። በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) በአፍሪካ በረሀብ ለተጎዱት ርዳታ ለማሰባሰብ የተነሣው ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ኸሊፋ፣ ችቦውን የለኮሰው በአገሩ ካለ አንድ የስደተኞች መጠለያ እሳት ነበር። ችቦውን ይዞ በአውሮፓ ዋና ዋና ከተሞች እየሮጠ አልፎ፣ ግንቦት 17 ቀን ኒውዮርክ ደረሰ። ያን ዕለት በብዙ አገሮች ሚሊዮኖች ዐሥር ዐሥር ኪሎ ሜትር ሮጡ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ አፍሪካ ልዩ ስብሰባውን ከፈተ።

የተሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ተነግሮለታል። እኛ ግን በእሳቱ ላይ ጥቂት መቈየት እንወዳለን፤ የተራቡት ባይለኩሱለት ሯጩ ምን ይዞ በተጓዘ ነበር? መምህራን ሆይ፣ ሕፃናቱን «በዚህ ሩጫ ሰጪው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ለመልሱም አታቻኩሏቸው።