የበረንዳ አትክልት በሞቃታማ ወራት፦ የፀሐይ አቅጣጫ፣ የሥር ሙቀትና ውኃ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች

መግቢያ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሁለት የአትክልት ገጽታዎች አሉት። አንደኛው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ የሚለማው የከተማ እርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጀሞ፣ በጎፋና በመሳሰሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ በጀሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት የሚበቅለው ጎመንና ቆስጣ ነው። በተበከለ የወንዝ ውኃ የሚለሙ ቅጠላማ አትክልቶች ከባድ ብረታ ብረቶችን እንደሚያከማቹ በአዲስ አበባ የተካሄዱ ጥናቶች አሳይተዋል (ለምሳሌ ፍስሐ ኢታና፣ 2002 እ.ኤ.አ.)። ስለዚህ አፈሩንና ውኃውን ነዋሪው ራሱ የሚመርጥበት በረንዳ ከጌጥነት ያለፈ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ሞቃታማ ወራት ብዙ የበረንዳ ተክሎች ይጠወልጋሉ። ይህ ጽሑፍ የጉዳቱ ምንጭ ከአየሩ ሙቀት ይልቅ የበረንዳው አቅጣጫ፣ የመያዣው መጋልና የውኃው መቆራረጥ መሆኑን ያስረዳል።

የአየሩ ሙቀት ምን ያህል ነው?

የክፍለ ከተማው ከፍታ በ2,200 ሜትር አካባቢ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ከፍተኛ የአየር ሙቀት በአብዛኛው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ እምብዛም አይደለም። የቲማቲም የአበባ ብናኝ በእጅጉ የሚጎዳው ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በአንጻሩ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፍሬ መያዙ ይቀንሳል፤ የአዲስ አበባ ሌሊቶችም ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ናቸው። በመሆኑም የመቂና የባቱ እርሻዎች ልምድ፣ ወይም ለሞቃታማ ዝቅተኛ ቦታዎች የተጻፈ መመሪያ፣ እንዳለ ለዚህ ከተማ አይሠራም።

የፀሐይ አቅጣጫና የላይኛው ወለል ጥላ

ከተማው በሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በመገኘቱ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታም 58 ዲግሪ ገደማ ነው። በመጋቢት 12 ከፍታዋ 81 ዲግሪ ይደርሳል፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች።

ይህ በበረንዳ ላይ ያለውን ውጤት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ጥልቀቱ 1.2 ሜትር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ 2.5 ሜትር የሆነ፣ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ይወሰድ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ብርሃኑ የበረንዳውን ጥልቀት በሙሉ ያልፋል፤ ነገር ግን መከለያው 1 ሜትር ቁመት ያለው ድፍን ግንብ ከሆነ፣ ወለሉ ላይ የፊተኛው 63 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይሆናል። በመጋቢት 12 የላይኛው ወለል ጥላ ስለሚጥል፣ ብርሃን የሚያገኘው ከጠርዙ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚህም ላይ ግንቡ የተወሰነውን ይከልላል። በሚያዝያ መጀመሪያ የእኩለ ቀን ፀሐይ ጨርሶ አትገባም። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረው በረንዳ በሞቃታማዎቹ ወራት የሚጎድለው ብርሃን ነው። ተክሉን በመደርደሪያ ወደ መከለያው አፍ ከፍ ማድረግ ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የምሥራቅና የምዕራብ በረንዳዎች ግን ዝቅ ያለውን የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ በቀጥታ ይቀበላሉ። ከሁለቱ ለቅጠላማ አትክልት የሚመረጠው ምሥራቁ ነው። የምዕራቡ በረንዳ ፀሐይ የሚያገኘው አየሩ ከሞቀ በኋላ ሲሆን፣ የብሎኬትና የሲሚንቶ ግድግዳውም የተቀበለውን ሙቀት እስከ ምሽት ይመልሳል።

የሥር አካባቢ ሙቀት

በእርሻ መሬት ላይ ሥር ጥልቀት ባለው አፈር ይጠበቃል፤ በበረንዳ ላይ ግን የመያዣው ጎን ራሱ ለፀሐይ ይጋለጣል። አየሩ 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ፀሐይ የመታው ጥቁር ፕላስቲክ በውስጡ ያለውን አፈር ከ35 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ሥር ውኃ የመሳብ አቅሙን ስለሚያጣ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ውኃ አነሰው ብሎ ሲጨምርበት አየር ያጣው ሥር ይበሰብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መያዣውን በነጭ ማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን፣ ትንንሾቹን መያዣዎች ከትልቁ ጀርባ ማስቀመጥ፣ የአፈሩንም ገጽ በደረቅ ሣር ወይም በገለባ መጎዝጎዝ።

ውኃና ክብደት

በደረቅና ፀሐያማ ቀን ከአንድ ካሬ ሜትር ለምለም ተክል በቀን 5 ሊትር ገደማ ውኃ ሊተን ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ለሦስት ቀናት መቋረጥ ብቻ 15 ሊትር፣ ማለትም የአንድ ጀሪካን ሦስት አራተኛ ማጠራቀምን ይጠይቃል። አትክልት የታጠበበትን ሳሙና ያልነካው ውኃ መልሶ መጠቀም ይህን ጫና ያቃልላል። ማጠጣት የሚገባው በማለዳ ነው፤ ከመያዣው ሥር የሚቀመጥ ሳህንም ፍሳሹ ከታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይከላከላል።

20 ሊትር እርጥብ አፈር 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀይ አሽና ኮምፖስት መቀላቀል ክብደቱን ይቀንሳል፤ ለሥርም አየር ይሰጣል። ከባዱን መያዣ ከበረንዳው ጫፍ ይልቅ ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ይመረጣል፤ ጠርዝ ላይ ለሚሆነው መደርደሪያ ቀላል መያዣ ይበቃል።

የሰብል ምርጫ

ግማሽ ቀን ፀሐይ ለሚያገኝ በረንዳ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይስማማሉ። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ስለማይበቅል በጥላ ተዘርቶ መዛወር አለበት። ቃሪያና ቲማቲም ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። እንጆሪ በአነስተኛ መያዣ የሚያፈራ ቢሆንም የአንድ ቀን ጥማትንም በቀላሉ አይችልም። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ግን የውኃ መቆራረጥን ይታገሣሉ።

ማጠቃለያ

ሦስት ካሬ ሜትር በረንዳ የቤተሰብን የአትክልት ፍጆታ አይሸፍንም፤ ከአስፋልት ዳር ያለው ደግሞ ከአቧራና ከጭስ ነፃ ስላልሆነ ቅጠሉ መታጠብ ይገባዋል። ሊያስገኝ የሚችለው ግን ምንጩ የታወቀ ቅጠል ነው። ለዚህም ከዘር ግዢ በፊት ሁለት ልኬቶች ይበቃሉ፦ ፀሐይ በረንዳው ላይ የምትቆይበት ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመያዣው ውስጥ ያለው የአፈር ሙቀት። የመጀመሪያው ምን እንደሚተከል፣ ሁለተኛው መያዣው የት እንደሚቀመጥ ይወስናል።