የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ምን ያስተምራል?



ባለፈው ክረምት ለስድስት ሳምንት ሥራ የመለማመድ ዕድል አግኝቼ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ በኮምቦልቻ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት አሳለፍሁ። ብዙዎቻችሁ «ለመሆኑ የሕዝብ ግንኙነት ማለት ምንድን ነው?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስለ ቆያችሁ፣ የተማርሁትን፣ የተሳሳትሁትንም ጭምር፣ በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ባጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሥራውን ትርጉም እንመልከት። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሲባል ብዙ ሰው ካሜራ አንግቶ ሹማምንትን የሚከተል፣ ስለ መሥሪያ ቤቱም መልካም መልካሙን ብቻ የሚያወራ ይመስለዋል። እኔም ሥራውን ሳልጀምር በፊት እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ግንኙነት የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ወገኖችን ይጠይቃል፤ አንዱ ብቻ እየተናገረ ሌላው ዝም የሚል ከሆነ ግንኙነት ሊባል አይችልም። ስለዚህ የመንግሥትን ሥራ ለሕዝብ ማስታወቅ የሥራው አንደኛው ክፍል ሲሆን፣ የሕዝብን ቃል ሰምቶ ለመንግሥት ማድረስ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ይህ ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በጥንት ጊዜ አዋጅ ነጋሪ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ የንጉሡን ቃል ያሰማ ነበር። ሕዝቡም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» በሚለው መሠረት ቃሉን ገበያ ላልወጣው ያደርሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ ከቶ እንዲጠብቃቸው ቦታውንና ጊዜውን ለይተው አስታወቁ። ወረኢሉ የእኛው የደቡብ ወሎ ከተማ ናት። በ1934 ዓ.ም. ሕግጋት የሚታተሙበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉም ከዚሁ ከነጋሪቱ የመጣ ነው። ዛሬም የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ የሚወጣው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ነገሩ በሕግ ተደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንደሚጠበቅ ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል፣ ጥያቄውን የሚቀበለውም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው እንደሆነ፣ መልሱም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን ካነበብሁ በኋላ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የመሥሪያ ቤቱ ጌጥ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ በር እንደሆነ ገባኝ።

አሁን ወደ ዕለት ሥራችን ልመለስ። ጧት ስንገባ የመጀመሪያው ሥራችን የቅሬታ ደብዳቤዎችን መመዝገብና በቴሌግራምና በፌስቡክ የተጻፉትን አስተያየቶች እያነበቡ በየዓይነታቸው መለየት ነበር፤ የውሃው ለብቻ፣ የመንገዱ ለብቻ፣ የቆሻሻው ለብቻ። ከዚያ በኋላ አንዱን ማስታወቂያ በሦስት ዓይነት እንጽፈዋለን። ለሰሌዳ የሚጻፈው ባጭሩ ነው። ለሬዲዮ የሚጻፈው ሲነበብ ትንፋሽ እንዳያሳጥር ተደርጎ ነው። በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ደግሞ መኪናው ሳያልፍ እንዲሰማ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ መሆን አለበት።

በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ሰፈር የሚኖሩ የአንዲት አረጋዊት ቤት በበጎ ፈቃደኞች ሲታደስ ተገኝቼ ዜና እንድጽፍ ታዘዝሁ። እኔም ጭቃ አቀበልሁ፣ ፎቶግራፍም አነሣሁ። ወደ ማታ ቆርቆሮው አለቀና የጣሪያው አንደኛው ጎን ሳይከደን ቀረ። የቀረው ነገ ጧት ይመጣል ተባለ። እኔም ነገን ዛሬ አድርጌ «ቤታቸው ሙሉ በሙሉ ታድሶ ተረከቡ» ብዬ ጻፍሁ። ዜናው በዚያው ምሽት ወጣ፤ ብዙ ሰውም አመሰገነን።

ከአራት ቀን በኋላ ፎቶግራፍ ላደርስላቸው ብሄድ እማማ በክፍቱ በኩል ላስቲክ ወጥረው፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅነው አገኘኋቸው። የክረምቱን ዝናብ ደሴ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ቆርቆሮውን ሊሰጡ የነበሩት ነጋዴ ዜናውን ሰምተው «ቤቱ ካለቀማ ለሌላ ይሁን» ብለው ወደ ሌላ ሰፈር ልከውታል። የእማማም ስም ከተረጂዎች መዝገብ ተሰርዟል። እርሳቸው ግን አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ወሬው ከቆርቆሮው ቀድሞ ደረሰ» ብለው ቡና አፈሉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ለክፍሉ ኃላፊ ሁሉን ነገርኋቸውና እርማት እንድናወጣ ለመንሁ። «የመሥሪያ ቤታችን ስም ይጎዳል» ብለው ጥቂት አመነቱ። ቆይተው ግን «በል ጻፈው፣ እኔም እፈርምበታለሁ» አሉኝ። እርማቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ዘጠኝ ቆርቆሮ መጣ፤ የተሰረዘውም ስም ተመለሰ። ከዚህ የተረዳሁት ነገር የውሸት ምስጋና የሚጎዳው የጻፈውን ሰው ስም ብቻ አለመሆኑን ነው። ችግር ተወገደ ተብሎ ሲጻፍ ረዳት እጁን ይሰበስባል፤ ችግረኛውም ከእነችግሩ ይረሳል።

ይህ በአንድ ቤት የደረሰ ትንሽ ነገር ነው። በአገር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል ግን የራሳችን የወሎ ታሪክ ያስተምረናል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ገብቶ የተራበው ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ሲፈስ፣ የጊዜው ባለሥልጣኖች ነገሩ እንዳይገለጥ ሸፋፈኑት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። ያን ጊዜ ግን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አልቆ ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የወሎን ረሃብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ ሳይንር ገበሬው መግዣ በማጣቱ እንደ ተራበ አሳይቷል። ገበያውን ብቻ ያየ ሰው ረሃቡን ላያውቀው ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የችግረኛውን ድምፅ በጊዜው የሚያሰማ ሰው ያስፈልጋል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለማሳለፍ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ገባሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም፣ ከፍታዋ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ስለሚያንስ ሞቃት ናት፤ ወባም ታስቸግራለች። የወባ ትንኝ እንቁላሏን በረጋ ውሃ ላይ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚበር ትንኝ ይወጣል። ስለዚህ የታቆረው ውሃ በየሳምንቱ ቢፋሰስ ትንኟ ሳታድግ ትቀራለች። የእኛም አገልግሎት የተደፈኑ ቦዮችን መክፈት ነበር።

ነዋሪውን የሚጠራውን ማስታወቂያ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። «የአካባቢ ንጽሕናን በማጎልበት ኅብረተሰባዊ ተሳትፎን እናረጋግጥ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ለጠፍሁ። የመጡት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አክስቴ «ወረቀትህስ ያምራል፤ ግን አካፋ ይዘን እንምጣ ወይስ ነጠላ ለብሰን አልገባንም» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ የወረኢሉ አዋጅ ትዝ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ቅዳሜ ጧት በ1 ሰዓት፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ኑ፤ ውሃው ካልፈሰሰ ልጆቻችን በወባ ይታመማሉ» ብዬ ጻፍሁ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊም ከአርብ ማታ ጀምሮ በየመንደሩ ተናገረ፤ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም ተነገረ። ከአርባ የሚበልጥ ሰው ወጣ፤ ቦዩም እስከ ረፋድ ተከፈተ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያልተፈጸመውን ተፈጸመ ብሎ መጻፍ ችግረኛውን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያ የት፣ መቼና ምን ተይዞ የሚለውን ካልመለሰ ወረቀት ማበላሸት ነው። ሦስተኛ፣ የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ መስማት አለበት፤ እኔን ያረሙኝ እማማና አክስቴ ናቸውና።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ከመካከላችን ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ለሕዝብ የሚጽፍ ብዙ ይኖራል። በዚያን ጊዜ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሄደን ጣሪያውን ቀና ብለን እንመልከት።